እናቲቱ የቀለለችበት ዓመት

የከተማችንን ስም አልናገርም፤ ብናገርም ካርታ ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ጨው የምንቆፍር፣ ጨው የምንጭን፣ ጨው የምንሸጥ ሰዎች ነን። ስንጣላም የምንጣላው በጨው ነው። ጠባችን ስለበዛ መንግሥት አዝኖልን የሚዛን ጽሕፈት ቤት ከፈተልን።

በጽሕፈት ቤቱ አምስት ሠራተኞች ነበሩ። አራቱ ወረቀት ይጽፋሉ። አምስተኛዋ አቻምየለሽ ገበያ ወርዳ የነጋዴውን የሚዛን ድንጋይ ትመረምራለች። ድንጋይ የምንለው በልማድ ነው እንጂ የሚሠራው ከብረት ወይም ከነሐስ ነው። አመራመሯ ቀላል ነበር፤ ታነሳዋለች። አንስታ «ይሄ ጎደሎ ነው» ካለች ጎደሎ ነው። ነጋዴው ይምላል፣ ይገዘታል፣ የሞተ አባቱን ይጠራል። በኋላ በሚዛን ሲታይ የጎደለው ልክ እሷ ያለችውን ያህል ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ የተሳሳተችው አንድ ቀን ብቻ ሲሆን፣ ያን ዕለትም ትኩሳት ይዟት ነበር ይባላል።

አንድ ቀን ከባሕር ማዶ ደብዳቤ መጣ። የላከው ታላቁ የልኬት ቤት ነው፤ እናቲቱ የምትኖርበት ቤት። እናቲቱ ማለት የሚዛን ድንጋይ ሁሉ እናት ናት። በዓለም ያለው ድንጋይ ሁሉ የተሠራው በእሷ ልክ ነው፤ የእኛም ጭምር። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «እንደ ልማዳችን ከትንንሽ አገሮች አንድ ሠራተኛ ለስድስት ወር በውሰት እንወስዳለን። ዓላማው የሚዛን ቀጥተኛነት እንዴት እንደሚጠበቅ ማስተማር ነው። የሚላከው ሰው ስለ ሚዛን የሚያውቅ ይሁን።»

አለቃው አቶ ምንይችል ደብዳቤውን ቆመው አነበቡት። መጀመሪያ ላይ ራሳቸው ሊሄዱ አስበው ነበር፤ በመርከብ አሥራ ስምንት ቀን እንደሚፈጅ የሚናገረው መስመር ላይ ሲደርሱ ግን ጽሕፈት ቤቱ ያለ እሳቸው እንደማይሆን ታወቃቸው። ሦስቱም ጸሐፊዎች ስለ ሚዛን አንዳች ነገር እንደማያውቁ በዚያችው ቅጽበት ተገለጠላቸው፤ ይህንንም በጽሑፍ አረጋገጡ። የቀረችው አቻምየለሽ ናት።

አርባ ዓመቷ ነበር። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ አንድ ልጇን ድራለች። የሚያስቀራት ነገር አልነበረም። ጎረቤቶቿ «የውሰት ወንፊት ሳይቀደድ ተመልሶ አያውቅም» እያሉ ሸኟት። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ጋቢ እና ነጋዴ የምትመረምርበትን የጽሕፈት ቤቱን ድንጋይ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች። ድንጋዩን ሳትይዝ ከቤት ወጥታ ስለማታውቅ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

ታላቁ የልኬት ቤት አሥራ አንድ ፎቅ ነው። ዘጠኝ መቶ ሠራተኛ አለው። አሳንሰሮቹ ሁለት ናቸው፤ ቀርፋፋው የሰው ነው፣ ፈጣኑ የፋይል ነው። በር ላይ ባጅ ሲሠሩላት ስሟ አልገባ ስላላቸው «ውሰት» ብለው አሳጠሩት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማዳም ውሰት ሆነች።

የተረከቧት የመልመድ ክፍል ኃላፊዋ ማዳም ፌልዲና ናቸው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴት ነበሩ።

«ሥራዎ መልመድ ነው» አሏት። «በየቀኑ ምን ያህል እንደለመዱ ከአሥር ነጥብ እየሰጡ ሪፖርት ይጽፋሉ።»

«ሌላ ሥራስ?»

«ሌላ ሥራ ለለመዱ ሰዎች ነው።»

በማግስቱ ማዳም ፌልዲና አሳንሰር ውስጥ አገኟትና «እንዴት ነዎት?» አሏት። አቻምየለሽም የተጠየቀችውን መለሰች። ስለ ጉልበቷ ቁርጥማት፣ በመርከብ ላይ ስላስመለሳት ነገር፣ ስለ ልጇ እርግዝና፣ አማቿ ደህና ሰው ሆኖ ሳለ እናቱ ግን እንዴት እንዳስቸገረች ነገረቻቸው። አሳንሰሩ አሥራ አንደኛ ፎቅ ደርሶ ተመልሶ ምድር ቤት ወረደ። ማዳም ፌልዲና እየሰሙ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር። ከሰዓት በኋላ በየፎቁ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «ለእንዴት ነዎት የሚሰጥ መልስ ከአንድ ፎቅ መብለጥ የለበትም።»

ምሳ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። እዚያ ቤት እያንዳንዱ ሰው ሣህኑን ይዞ ግድግዳ ወደሚያይ ወንበሩ ይሄዳል። አቻምየለሽ ከጎኗ ለተቀመጠው ሰውዬ ዳቦዋን ቆርሳ ሰጠችው። ሰውየው ደነገጠ፤ ዳቦውን በሁለት ጣቱ ይዞ ተነሣና ሲመለስ ሦስት ገጽ ቅጽ ይዞ መጣ። የቅጹ ርእስ «ምክንያቱ ያልታወቀ ስጦታ» ይላል። ቅጹን ሞልተው እስኪጨርሱ የምሳ ሰዓት አለቀ፤ ዳቦውንም ማስረጃ ነው ብለው ወሰዱት።

በሪፖርቷ ላይ የመጀመሪያውን ቀን ሁለት ብላ ጻፈች፤ በሁለተኛው ሦስት፣ በሦስተኛው ሁለት። ማዳም ፌልዲና አስጠሯት።

«ማዳም ውሰት፣ መልመድ ወደ ታች አይወርድም።»

«ትናንት ከፍቶኝ ነበር።»

«መከፋት ይችላሉ። ከፍቶዎት አራት ይጻፉ።»

ሁለት ሳምንት እንዲህ ካለፈ በኋላ ግድግዳ እያዩ መብላት አንገሸገሻት፤ ምሳዋን ይዛ ምድር ቤት ወረደች። እዚያ በመስተዋት የታጠረ ክፍል አለ። በክፍሉ መሐል፣ ቀይ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ፣ እናቲቱ ተቀምጣለች። የትልቅ ብርቱካን ያህል ነሐስ ናት። ፊት ታሳያለች፤ ሹማምንቱ ወደ ስብሰባ ሲገቡ ከረባታቸውን የሚያስተካክሉት እሷን አይተው ነው። አጠገቧ አንድ ሽማግሌ በለስላሳ ቆዳና በአመድ ይወለውሏታል። ሙሴ ኦልባን ይባላሉ፤ እዚያ አገር «ሙሴ» «አቶ» ማለት ነው። ሥራቸው ይኸው ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብተው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እናቲቱን መወልወል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ከእሳቸው በፊት ሦስት ወልዋዮች ነበሩ። ሁሉም ሲደመር መቶ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል።

በዚያ ቤት በእጁ የሚሠራ ሰው ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ሳትጠራ ገብታ ተቀመጠች። ሽማግሌው ቀና ብለው ባጇን አነበቡ።

«ዛሬ ስንት ጻፉ?»

«አራት።»

«ነገ አምስት ይበሉ። በየወሩ አንድ ይጨምሩ፣ አሥር ሲደርሱ ይቁሙ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አሥር ነኝ።»

«ለምደውታል ማለት ነው?»

«ምኑን?» አሉ ሙሴ ኦልባን። የምራቸውን ነበር የጠየቁት።

ዳቦዋን ቆርሳ ሰጠቻቸው። ግራ ቀኝ አዩና ጎረሱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዋን የምትበላው እዚያው ሆነ። እሳቸው ሚስታቸው የሠራችውን የድንች ወጥ ያካፍሏታል፤ ስለ መሥሪያ ቤቱ ሕግጋት ያስረዷታል፤ የትኛው አለቃ ሰላም ሲሉት እንደሚከፋውና የትኛው ሰላም ካላሉት እንደሚከፋው ያስጠኗታል። አንድ ቀን «በእኛ አገር አባቴ የሚሆን ሰው እርስዎ ሲለኝ የተቆጣኝ ይመስለኛል» አለቻቸው። ሙሴ ኦልባን ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው አንቺ ልጅ፣ ያንን ቆዳ አቀብይኝ» አሏት። ያን ዕለት በሪፖርቷ ላይ ስድስት ጻፈች። እውነቷን ነበር።

በአምስተኛው ወር የእናቲቱ የመታየት ቀን ደረሰ። በዚያን ቀን እንግዶች ተጋብዘው ይመጣሉ። ሕጉ እንደሚለው፣ ባለ ነጭ ጓንቱ ተሸካሚ እናቲቱን አንስቶ ለሕዝብ ከፍ አድርጎ ማሳየት አለበት። ነገር ግን ተሸካሚው ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ተተኪ እንዲመርጥ የተሰየመው ኮሚቴም በጓንቱ ቁጥር መስማማት አልቻለም። ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እናቲቱን ያነሣት የለም። ሙሴ ኦልባን እንኳ ታችኛውን ጎኗን የሚወለውሉት በትንሽ ማጋደያ እያጋደሉ ነው እንጂ ማንሣት አይፈቀድላቸውም። እንግዶቹ ዙሪያዋን ያልፋሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ይሄዳሉ።

አቻምየለሽ የውሰት ሠራተኛ ስለሆነች ለክብሯ ሲባል የመወልወያ ጨርቅ አቀባይ ተደረገች። እንግዶቹ ወደ መስተዋቱ ሲቃረቡ ሙሴ ኦልባን እናቲቱን ለመጨረሻ ጊዜ አበስ አደረጓት። የጨርቁ ጫፍ ከሥሯ ተቀረቀረ። ቢስቡት እምቢ አለ። ትልቁ እንግዳ ሦስት እርምጃ ያህል ቀርቶታል። አቻምየለሽ ሃያ ዓመት እጇ የለመደውን አደረገች፤ እናቲቱን በአንድ እጇ ብድግ አድርጋ ጨርቁን አወጣች።

ሙሉ መስሎት ባዶ እንስራ እንዳነሣ ሰው ክንዷ ከልኩ በላይ ሽቅብ ሄደ።

እንግዶቹ አዲሷ ተሸካሚ መስላቸው አጨበጨቡ። ማዳም ፌልዲና ብቻ ፊታቸው እንደ ኖራ ነጣ። አቻምየለሽ ግን ጭብጨባውንም የሴትዮዋንም ፊት አላየችም። እናቲቱን አስቀምጣ እጇን ታየው ነበር።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ «ሙሴ ኦልባን፣ እናቲቱ ጎድላለች» አለች።

«ምን ጎደላት?»

«ክብደት። አንድ ስኒ ጨው ያህል።»

ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ እናቲቱ አትጎድልም። የሚጎድለው ሌላው ነው። አንቀጽ አንድ ይኸው ነው።»

እሷ አልሳቀችም። ማደሪያዋ ሄዳ ከአገሯ ያመጣችውን ድንጋይ ይዛ ተመለሰች። አሁን ሚዛን ያስፈልጋል፤ በታላቁ የልኬት ቤት ግን ሚዛን የለም። ሚዛኖቹ ያሉት ሌላ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በመኪና ማቆሚያ ቦታ ተጣልተው ከተኳረፉ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። ሙሴ ኦልባን ኮታቸውን ከመስቀያው አወረዱ። መስቀያውን በገመድ መሐሉን አንጠለጠሉት፤ በግራና በቀኝ ጫፉ በሁለት መወልወያ ጨርቅ አድርገው እናቲቱንና የእኛን ድንጋይ አሰሩበት። ለቀቁት።

የእኛ ድንጋይ ወረደ። እናቲቱ ሽቅብ ወጣችና እዚያው ቀረች።

ሙሴ ኦልባን ወንበራቸውን ፈልገው ተቀመጡ። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩ።

«ከሥራ ስወጣ እጄን እታጠባለሁ» አሉ። «ውኃው ሁልጊዜ ጥቁር ነው። ሚስቴ ሸሚዜን ስታጥብ 'ምንድን ነው ይሄ የማይለቅ?' ትለኛለች። 'የሥራ እድፍ ነው' እላታለሁ። ለካ እድፍ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እሷን ነው በቧንቧ ገንዳ ሳፈስ የኖርኩት።»

አቻምየለሽ ድንጋይ ጎደለ ስትል ሌባ መያዝ እንጂ ሰው ማሳዘን አልለመደችም።

«ለጡረታ ስምንት ወር ቀርቶኛል» አሉ ሽማግሌው። ቀጥሎም «ንገሪያቸው» አሉ። «እኔ ልንገራቸው ብል አንደበቴ አይታዘዘኝም። ግን በእጄ አወቅኩ አትበያቸው። እዚያ ላይ ያሉት ሰዎች እጅ የላቸውም፤ አይገባቸውም።»

በማግስቱ ሪፖርቷን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «መልመድ፦ ዘጠኝ። እናቲቱ አንድ ስኒ ጨው ያህል ጎድላለች።» ወረቀቱ በፋይሉ አሳንሰር ወጥቶ በአንድ ቀን አሥራ አንደኛ ፎቅ ደረሰ፤ በዚያ ቤት ታሪክ እንዲህ የፈጠነ ወረቀት አልነበረም።

በቤቱ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጡት ዘጠኙ የቀጥተኛነት ሊቃውንት ተሰበሰቡ። አቻምየለሽ እናቲቱንና የእኛን ድንጋይ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «አንሷቸው፤ ልዩነቱን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ» አለች። ሊቃውንቱ ድንጋዮቹን እየተቀባበሉ ያነሡ ጀመር። የመጀመሪያው «ከባድ ነው» አሉ። ሁለተኛው «በጣም ከባድ ነው» አሉ። ሦስተኛው ከማንሣታቸው በፊት የትኛዋ እናቲቱ እንደሆነች ጠየቁ፤ የትኛው እንደሚከብዳቸው አስቀድመው እንዲያውቁ ነው። አራተኛው ወገባቸውን ስለሚያማቸው የሦስተኛውን ሐሳብ እንደሚጋሩ አስመዘገቡ። በመጨረሻ የኮት መስቀያው ቀረበ፤ እናቲቱም በዘጠኙ ፊት ሽቅብ ወጣች።

ከሁሉም ያረጁት ሊቅ ተነሡ።

«አንቀጽ አንድ እናቲቱ ልክ አንድ ናት ይላል» አሉ። «ስለዚህ እናቲቱ አልቀለለችም። ልዩነት ግን አለ፤ በዓይናችን አይተናል። እናቲቱ ካልቀለለች፣ ልዩነትም ካለ፣ የከበደው ሌላው ዓለም ነው።»

ለረጅም ጊዜ ተጨበጨበ። አንዳንዶቹ በእፎይታ ዓይናቸውን ጠረጉ።

በዚያው ስብሰባ ሰርኩላር ተረቀቀ። ዓለም መክበዱ ስለተደረሰበት፣ አገሮች ሁሉ የሚዛን ድንጋያቸውን በሞረድ ሞርደው ከአዲሱ ልክ ጋር እንዲያስተካክሉ፣ ለማረጋገጫም የተሞረደውን ብናኝ በፖስታ አሽገው እንዲልኩ ይላል። ከሥሩ ለአንድ ፊርማ ቦታ ተትቶ «ዓለም መክበዱን ያረጋገጠች፣ ከመስክ የመጣች ምስክር» የሚል ተጽፎበታል።

«ይሄ ውሸት ነው፤ አልፈርምም» አለች አቻምየለሽ።

ማዳም ፌልዲና ክንዷን ይዘው ወደ ኮሪደሩ አወጧት።

«አልፈርምም ማለት ይችላሉ» አሉ። «ያኔ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ዓለም ካልከበደ እናቲቱ ቀልላለች። እናቲቱ ከቀለለች ያቀለላት ሰው አለ። የሰውየው ስም ምድር ቤት በሩ ላይ ተጽፏል። የሚኖሩበት ቤትም የመሥሪያ ቤቱ ነው። በሳምንት ውስጥ ከነሚስታቸው ይወጣሉ።»

«ሰውየው የታዘዙትን ነው የሠሩት! ወልውል ተባሉ፣ ወለወሉ!»

«አውቃለሁ። ሁላችንም የታዘዝነውን ነው የምንሠራው።» ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ዝቅ ያለ ነበር። «ማዳም ውሰት፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። መልመድ ማለት ይኸው ነው። እርስዎ ደግሞ ዘጠኝ ደርሰዋል።»

አቻምየለሽ ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ቆመች። ከምትገዛው ጨው ሁሉ አንድ ስኒ የሚጎድልባትን እያንዳንዷን ሴት አሰበች። ገበያ ላይ ዓይናቸውን አፍጥጠው ሲምሉ የያዘቻቸውን ነጋዴዎች አሰበች፤ ከእነሱ በምን እንደምትሻል ፈለገችና አጣችው። ከዚያ ጥቁሩ ውኃ ታያት፤ ሽማግሌው መዳፋቸውን ገልብጠው ሲያዩ ታያት። ተመልሳ ገባችና ፈረመች። ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳ አልጠበቁም፤ ከእጇ ነጥቀው ወደ አሳንሰሩ ሮጡ። ያን ዕለት በሪፖርቷ ላይ አሥር ጻፈች።

ሙሴ ኦልባን ሲሰሙ አንድ ሳምንት አኮረፏት። ምሳዋን ይዛ ስትመጣ ጀርባቸውን ይሰጧታል። በስምንተኛው ቀን የመወልወያ ቆዳቸውን ወረወሩት።

«ማን ለምኖሽ?» አሏት።

«ማንም።»

«እኔን ያባርሩኝ ነበር! ሰው ተባርሮ አያውቅም? አሁን በእኔ ሰበብ ዓለም ሁሉ ሊጎድል ነው!»

«ተባረው የት ይገቡ ነበር? ሚስትዎስ?»

ሽማግሌው የወረወሩትን ቆዳ ከወለሉ አነሡ። «አላውቅም» አሉ።

«እኔም አላወቅኩም። የፈረምኩት ለዚህ ነው።»

ስድስት ወሯ ሲያልቅ ወደብ ድረስ ሸኟት። ሻንጣዋን ተሸክመው እስከ መርከቡ መሰላል አደረሱላት፤ ከዚያ ዞረው ሳያዩ ተመለሱ።

ሰርኩላሩ አቻምየለሽን ቀድሞ ከተማችን ደርሶ ነበር። ስትደርስ ከበሮ ተመታላት። አቶ ምንይችል የአደባባይ ኮታቸውን ለብሰው «ፊርማሽ ዓለምን ዞረ! የከተማችን ስም ተጠራ!» እያሉ አቀፏት። አራት ሞረድ አስገዝተው ጠረጴዛ ላይ ደርድረዋል። የከተማው ድንጋይ ሁሉ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ ተከምሯል። የሞረዱ ሥራ በእሷ እጅ እንዲጀመር ተወስኗል፤ ገበያተኛውም ሥራውን ትቶ ሊያይ መጥቷል።

አቻምየለሽ የመንገድ አቧራዋን ሳታራግፍ የጨው ሣጥን ላይ ወጣች።

«ፊርማው የእኔ ነው» አለች። «የተጻፈው ግን ውሸት ነው። ዓለም አልከበደም። የእነሱ ድንጋይ ነው በመወልወል ያለቀው። እኔም አውቄ ፈረምኩ፤ አንድ ሽማግሌ ቤት አልባ እንዳይሆን ብዬ። ይኸው ነው። እኔ ሞረድ አልይዝም፤ ከፈለጋችሁ ሥራዬን ውሰዱት።»

ከኋላ አንድ ነጋዴ «እንዲያ ከሆነ አንቺም ጎደሎ ነሽ!» ብሎ ጮኸ። አንዳንዶች ሳቁ።

«አዎ» አለች አቻምየለሽ። «ጎድያለሁ።»

አቶ ምንይችል ላብ አጠመቃቸው፤ ባሕር ማዶ ያለውን ቤት እምቢ ያለ አለቃ ምን እንደሚደርስበት አያውቁም፣ የመጀመሪያውም ሊሆኑ አይፈልጉም። ይህን ጊዜ ወይዘሮ አትጠገብ ብድግ አሉ። ወይዘሮ አትጠገብ ከትልልቆቹ ጨው ሻጮች አንዷ ሲሆኑ፣ አቻምየለሽ በጎደሎ ድንጋይ ሦስት ጊዜ ይዛቸዋለች። ሁሉም ሰርኩላሩን ይደግፋሉ ብሎ ጠበቀ።

«እኔ መስረቅ ሲያምረኝ በራሴ እጅ እሰርቃለሁ» አሉ። «በሰርኩላር የሚሰረቅ ስርቆት ምን ጣዕም አለው? ሁሉም እኩል ከሰረቀ እኔ ምን ላተርፍ ነው? ድንጋያችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ!»

«ብናኙስ?» አሉ አቶ ምንይችል ሊያለቅሱ በደረሰ ድምፅ። «ብናኝ ላኩ ብለዋል እኮ! በፖስታ!»

ወይዘሮ አትጠገብ ዙሪያውን ቃኙ። ዓይናቸው የጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አረፈ። በሩ ላይ ትልቅ የነሐስ ሰሌዳ ተመቷል፤ ጽሕፈት ቤቱን የመረቁት ታላቅ ሰው ስምና ማዕረግ በጉልህ ፊደል ተቀርጾበታል።

«ያ ሰውዬ ማን ነበሩ?» ብለው ጠየቁ።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አቶ ምንይችልም አላወቁም።

ሰሌዳው ሁለት ቀን ተሞረደ። መጀመሪያ ማዕረጉ ሄደ፣ ቀጥሎ የአባት ስም፣ በመጨረሻ ራሱ ሰውየው። አንድ ፖስታ ሙሉ ብናኝ ወጣው። ከዓመት በኋላ ከታላቁ የልኬት ቤት የምስክር ወረቀት መጣልን፤ «ወደር የሌለው ንጽሕና ያለው ብናኝ ስለላኩ» ይላል።

አቻምየለሽን ከሥራ ያወጣት አልነበረም፤ ለማውጣት ምክንያት መጻፍ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱን ደግሞ የሚጽፈው ጠፋ። ግን እንደ ድሮው አልሆነላትም። ድንጋይ አንስታ «ይሄ ጎደሎ ነው» ስትል ነጋዴው አሁን አይምልም፤ «ፊርማሽስ?» ይላታል። እሷም አትከራከርም። ሚዛኑን ታቀርብና ታሳየዋለች። ገበያው በፊት አንድ ሰዓት ይፈጅባት ነበር፤ አሁን ግማሽ ቀን ይፈጅባታል።

ወደ ሁለት ዓመት ሊሆነው ሲል ደብዳቤ ደረሳት። በፖስታው ላይ ስሟ አንድ ፊደል ሳይጎድል በሙሉ ተጽፏል።

«ልጄ አቻምየለሽ፣» ይላል፣ «በጡረታ ወጣሁ፤ ቤታችን ውስጥ ነን። በእኔ ቦታ ሁለት ወልዋዮች ቀጥረዋል፤ ሥራው እንዲፈጥን ነው ብለዋል። እዚህ አገር ሰርኩላሩን ሁሉም አክብሮታል፤ ድንጋይ ያልሞረደ ነጋዴ የለም።

«ባለፈው ቅዳሜ ዓሣ ልገዛ ሄጄ ነበር። ሻጩ መዝኖ ሰጠኝ። ከረጢቱን ሳነሣው ንድድ አለኝ። ለምን እንደተናደድኩ አላወቅኩም ነበር፤ ከተናደድኩ በኋላ ነው እጄ ምን እንዳለኝ የገባኝ። 'ጎደሎ ነው፤ ሁለት የዓሣ ጭንቅላት ያህል ጎድሏል' አልኩት። በዕድሜዬ ከሰው ተጣልቼ አላውቅም። ሚስቴ ኮቴን ትጎትታለች፣ ሰው ይሰበሰባል፣ እኔ እጮሃለሁ። ሻጩ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰርኩላር በቢላዋው ጫፍ አሳየኝ። ቀረብ ብዬ ሳነበው ከሥሩ የአንቺ ፊርማ አለ። ባርኔጣዬን አንሥቼ ፊርማሽን ሰላም አልኩት። ከዚያ ጠቤን ቀጠልኩ።»